ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን ስንት ሰዓት ነው? ርቀትንና የበረራ ጊዜን በራሳችን ለማስላት

እናቴን መጀመሪያ ወደ አሜሪካ የሸኘን ሰሞን ቤታችን ውስጥ ሦስት ዓይነት መልስ ነበር። ታላቅ እህቴ ቲኬቱን አየችና «ማታ 4 ሰዓት ተኩል ተነስታ ጧት 2 ሰዓት ትደርሳለች፤ 9 ሰዓት ተኩል ነው» አለች። ከዚያ አገር ተመላልሶ የሚያውቀው አጎቴ «ስመጣ 13 ሰዓት ነው የፈጀብኝ፤ ቆጥሬዋለሁ» አለ። ጎረቤታችን ደግሞ «ልጄ 17 ሰዓት ሊሞላ ትንሽ ነው የሚቀረው ብላኛለች» አሉ። እናቴን የጨነቃት ሌላ ነው። የደም ግፊት መድኃኒቷን የምትወስደው በየ12 ሰዓቱ ነው። መንገድ ላይ መቼ እንደምትውጠው የሚነግራት ሰው አጣች።

አጎቴም ጎረቤታችንም ልክ ነበሩ። የተሳሳተችው እህቴ ናት። ስህተቷ ግን አብዛኛው ሰው የሚሠራው ነው። ቲኬት ላይ ያሉትን ሁለት ሰዓቶች መቀናነስ የበረራውን ርዝመት አይነግረንም። ሂሳቡ ከባድ አይደለም። ስልክ፣ ወረቀትና እስክሪብቶ ይበቃል። የአዲስ አበባና የዋሽንግተንን መንገድ ይዤ ደረጃ በደረጃ ላሳያችሁ።

1. ከከተማው ስም ሳይሆን ከኤርፖርቱ ጀምሩ

አውሮፕላን የሚያርፈው ኤርፖርት ላይ ነው። ዋሽንግተን ሲባል በአካባቢው ሦስት ኤርፖርት አለ፦ ደለስ፣ ሬገን ናሽናልና የባልቲሞሩ። ከአዲስ አበባ የሚሄደው የኢትዮጵያ አየር መንገድ የሚያርፈው ደለስ ነው። ደለስ ያለው ቨርጂኒያ ውስጥ ነው፤ ከመሃል ዋሽንግተን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ደለስና ዳላስ በአማርኛ ሲነገሩ ይመሳሰላሉ። ዳላስ ቴክሳስ ያለ ሌላ ከተማ ነው፤ እዚያም ብዙ ሐበሻ አለ። በሁለቱ መካከል 1,900 ኪሎ ሜትር ገደማ አለ። በስልክ «ደለስ ተቀበሉኝ» ስትባሉ ቲኬቱ ላይ ያለውን የኤርፖርት መለያ ጠይቁ። የሦስት ፊደል መለያ ነው። የቦሌ ኤዲዲ ነው፤ የደለስ አይኤዲ። እነዚህ ሦስት ፊደላት ከተማ አያምታቱም።

2. ርቀቱን በሉል ለኩ፣ በግድግዳ ካርታ አይደለም

ቤታችሁ ያለውን ጠፍጣፋ ካርታ አውጡና ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን በማስመሪያ መስመር ስቡ። መስመሩ በሱዳን፣ በቻድ፣ በማሊና በሞሪታንያ በኩል አድርጎ አትላንቲክ ውቅያኖስ ይገባል። አሁን ሉል ፈልጉ፤ ትምህርት ቤት የምናውቀውን፣ የሚሽከረከረውን። ከአዲስ አበባ እስከ ዋሽንግተን ክር ወጥሩበት። ክሩ ከሱዳን ወደ ሊቢያ ይወጣል፣ ሜዲትራኒያንን ይሻገራል፣ ስፔንንና ፖርቱጋልን አልፎ ነው ውቅያኖስ የሚገባው። የመንገዱ እኩሌታ ፖርቱጋል ላይ ይወድቃል። አጭሩ መንገድ ይኸኛው ነው። ምድር ድቡልቡል ናት፤ ወረቀት ላይ ስትዘረጋ መዛባቷ የግድ ነው።

ክሩ ርቀቱንም ይነግራችኋል። የምድር ዙሪያ 40,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መጀመሪያ ክሩን በምድር ወገብ ላይ አዙሩና የሉሉን ዙሪያ ለኩ። ከዚያ በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለውን ክር ለኩ። ሁለተኛውን ለመጀመሪያው አካፍሉና በ40,000 አባዙ። የሉሉ ስፋት ከዳር እስከ ዳር 30 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ዙሪያው 94 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሆናል፤ የአዲስ አበባና የዋሽንግተን ክር ደግሞ ወደ 27። 27 ሲካፈል ለ94፣ ሲባዛ በ40,000፣ 11,500 ኪሎ ሜትር አካባቢ ይመጣል። ልጆች ካሏችሁ አብራችሁ ሥሩት፤ አያታቸው የት ድረስ እንደምትሄድ በጣታቸው ይነኩታል።

ሉል ከሌለ ጉግል ማፕስ አለ። በኮምፒውተር ቦሌ ኤርፖርት ላይ የማውሱን የቀኝ ቁልፍ ተጫኑ፤ ርቀት መለኪያ የሚል ምርጫ ይመጣል። ከዚያ ደለስ ላይ ጠቅ አድርጉ። በስልክ ከሆነ ቦታውን በጣት ተጭናችሁ ያዙ፤ ምልክት ሲያርፍ እዚያው ዝርዝር ውስጥ ይኸው ምርጫ አለ። 11,550 ኪሎ ሜትር ገደማ ታገኛላችሁ። የመኪና መንገድ የሚያሳየውን ቁልፍ አትንኩ፤ እሱ ሌላ ነው።

በማይል ካገኛችሁት በ1.609 አባዙ። የባሕር ማይል ከሆነ በ1.852። አብራሪዎች የሚጠቀሙት ይኼን ሁለተኛውን ስለሆነ ሁለቱ እንዳይቀላቀሉባችሁ።

3. ለአገር ውስጥ በረራ በወረቀት ይሠራል

ለአጭር ርቀት ሉልም ኢንተርኔትም አያስፈልግም። የኬክሮስ (ከምድር ወገብ ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ የሚቆጠረው) አንድ ዲግሪ 111 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የኬንትሮስ (ወደ ምሥራቅና ወደ ምዕራብ የሚቆጠረው) አንድ ዲግሪ ወደ ዋልታዎቹ ሲኬድ ይጠባል፤ በአዲስ አበባና በባሕር ዳር መካከል 109 አካባቢ ነው።

ቦሌ 8.98 ሰሜን፣ 38.80 ምሥራቅ ላይ ነው። የባሕር ዳር ኤርፖርት 11.61 ሰሜን፣ 37.32 ምሥራቅ። የኬክሮሱ ልዩነት 2.63 ነው፤ በ111 ሲባዛ 292 ኪሎ ሜትር። የኬንትሮሱ 1.48 ነው፤ በ109 ሲባዛ 161። አሁን የፓይታጎረስን ሕግ አስታውሱ። ሁለቱንም በራሳቸው አባዙ፣ ደምሩ፣ ካሬ ሩቱን ውሰዱ። 333 ኪሎ ሜትር ይመጣል።

በመኪና ግን ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። መንገዱ ዓባይ በረሃን ወርዶ መውጣት አለበት፣ ደብረ ማርቆስን መዞር አለበት። አውሮፕላን ገደል አያውቅም። ስለዚህ የመኪናውን ርቀት ይዛችሁ የበረራ ጊዜ አታስሉ።

4. ርቀቱን ወደ ሰዓት ቀይሩ

ቀመሩ ይኼ ነው፦ ርቀቱን ለአውሮፕላኑ ፍጥነት አካፍሉ፣ ከዚያ ግማሽ ሰዓት ጨምሩ። ግማሽ ሰዓቱ አውሮፕላኑ መሬት ላይ የሚንከባለልበት፣ ቀስ ብሎ ከፍታ የሚይዝበትና የሚወርድበት ነው።

ፍጥነቱስ? እንደ ቦይንግ 787 እና ኤርባስ ኤ350 ያሉት ትልልቆቹ ከፍታቸውን ከያዙ በኋላ በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር አካባቢ ይበራሉ። በአገር ውስጥ የሚያመላልሰው ባለ ፕሮፔለሩ ዳሽ 8 ኪው 400 ደግሞ 650 አካባቢ።

ባሕር ዳርን እንሞክር። 333 ለ650 ሲካፈል ግማሽ ሰዓት፤ ግማሽ ሲጨመርበት አንድ ሰዓት። ቲኬቱም የሚለው ከዚህ አይርቅም።

ዋሽንግተን? 11,550 ለ900 ሲካፈል 12.8 ነው። 0.8 ማለት 8 ደቂቃ ሳይሆን 48 ደቂቃ ነው፤ ከነጥቡ በኋላ ያለውን በ60 ማባዛት አትርሱ። 12 ሰዓት ከ48 ላይ ግማሽ ሰዓት ስንጨምር 13 ሰዓት ከ18 ደቂቃ ይሆናል። የአጎቴ ቁጥር ይኼው ነው።

አውሮፕላን ሁልጊዜ በክሩ ላይ አይሄድም። የሚዘጋ ሰማይ አለ። ሱዳን ውስጥ በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጦርነት ሲነሳ የአገሪቱ የአየር ክልል ተዘጋ፤ ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን የሚሄዱ በረራዎችም ዞረው መሄድ ጀመሩ። ዱባይን ብትለኩ ከቦሌ 2,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በቀመራችን 3 ሰዓት ከ20 አካባቢ ይወጣል። ቲኬት ላይ ግን 4 ሰዓት ገደማ ታያላችሁ። መንገዱ ይዞራል፣ አየር መንገዶችም መዘግየት ቢመጣ ብለው በፕሮግራማቸው ላይ ጥቂት ደቂቃ ይይዛሉ። እኔ ለመካከለኛ ርቀት ከርቀቱ ላይ አሥር በመቶ እጨምራለሁ፤ ብዙ ጊዜ ይቀራረብልኛል።

5. መሄጃና መመለሻ ለምን አይስተካከልም?

ጎረቤታችን የሰሙት 17 ሰዓት ከየት መጣ? ሁለት ምክንያት አለው።

አንደኛው ነፋስ ነው። በሰሜኑ ንፍቀ ክበብ፣ ትልልቅ አውሮፕላኖች በሚበሩበት ከፍታ ላይ፣ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍስ ኃይለኛ የአየር ጅረት አለ። ጄት ስትሪም ይሉታል። ከአሜሪካ ስትመጡ ከኋላ ይገፋችኋል፤ ስትሄዱ ፊት ለፊት ይገጥማችኋል። ነፋሱ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ቢሆን በ900 የሚበረው አውሮፕላን በአንዱ አቅጣጫ 1,000፣ በሌላው 800 ይሆናል። ከደብሊን እስከ ደለስ ያለው 5,460 ኪሎ ሜትር በዚህ ሂሳብ ሲመጡ 5 ሰዓት ተኩል፣ ሲሄዱ ደግሞ 6 ሰዓት ከ50 ይወስዳል። በፈረንጆች ክረምት ነፋሱ ይበረታል።

ሁለተኛው የአዲስ አበባ ከፍታ ነው። እኔን ሁሌም የሚደንቀኝ ይኼኛው ነው። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ነው ያለው። ከፍታ ላይ አየሩ ሳሳ ያለ ነው። ሞተሩ የሚያገኘው አየር ያንሳል፣ ክንፉን የሚሸከመውም አየር ይቀንሳል። ስለዚህ አውሮፕላኑ ከመሬት ለመነሳት የበለጠ ፍጥነት፣ የበለጠ ማኮብኮቢያ ይፈልጋል። የቦሌ ማኮብኮቢያ ወደ 3,800 ሜትር ይረዝማል፤ እንዲያም ሆኖ አውሮፕላኑ መንገደኛውን፣ ሻንጣውንና እስከ አሜሪካ የሚያደርሰውን ነዳጅ ሁሉ ተሸክሞ መነሳት ይከብደዋል። ነዳጁን ቀንሶ ይነሳና መንገድ ላይ አርፎ ይሞላል። ደለስ ከባሕር ወለል 100 ሜትር እንኳ አይሞላም። ከዚያ ሲነሳ ታንኩን ሞልቶ ሳያርፍ ቦሌ ይገባል። ለዚህ ነው አጎቴ 13 ሰዓት፣ የጎረቤታችን ልጅ 17 ሰዓት አካባቢ የቆጠሩት።

የሚያርፍበት ቦታ እንደ ጊዜው ተለዋውጧል። ደብሊንም ሎሜም ሆኖ ያውቃል። ልዩነቱን እዩት። ከቦሌ ደብሊን 6,365፣ ከደብሊን ደለስ 5,460፤ ድምሩ 11,825 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከቀጥታው የሚበልጠው በ300 እንኳ አይሞላም። በካርታ ላይ አየርላንድ ሩቅ ሰሜን ትመስላለች፤ በሉል ላይ ግን መንገድ ዳር ናት። በሎሜ በኩል ሲሆን 12,750 ይደርሳል፤ 1,200 ኪሎ ሜትር ብልጫ አለው። ቲኬት ስትገዙ ስለዚህ «በየት በኩል ነው?» በሉ። አንዳንድ ሰው ቀጥታ በረራ ሲባል መሃል ላይ የማያርፍ ይመስለዋል። ለነዳጅ አርፎ፣ ሰዉ ወንበሩ ላይ እንዳለ ተነስቶ የሚቀጥልም ቀጥታ ይባላል። ትራንዚት የሚባለው ወርዳችሁ ሌላ አውሮፕላን ስትይዙ ነው።

የደብሊኑን እንደምር። እስከ ደብሊን 7 ሰዓት ተኩል አካባቢ፣ ማረፊያው አንድ ሰዓት፣ ከዚያ ነፋሱን ተጋፍቶ እስከ ደለስ ግማሽ ሰዓቱ ተጨምሮ 7 ሰዓት ተኩል አካባቢ። 16 ሰዓት ይሞላል፤ ትንሽ ከዘገየ ወደ 17 ይጠጋል።

6. ቲኬቱ ላይ ያሉትን ሰዓቶች በትክክል አንብቡ

የመነሻው ሰዓት የመነሻው አገር ነው። የመድረሻው ሰዓት የመድረሻው አገር ነው። እህቴን ያሳሳታት ይኼ ነው። ከመቀናነሳችሁ በፊት ሁለቱንም ወደ አንድ አገር ሰዓት አምጡ።

ኢትዮጵያ ዓመቱን ሙሉ ሰዓቷን አትቀይርም። አሜሪካ ግን ትቀይራለች። ከማርች ሁለተኛ እሁድ እስከ ኖቬምበር የመጀመሪያ እሁድ ዋሽንግተን ከአዲስ አበባ 7 ሰዓት ወደ ኋላ ናት። በቀሪው ጊዜ 8 ሰዓት። አውሮፓም ይቀይራል፤ ቀኑ ግን ማርችና ኦክቶበር የመጨረሻ እሁዶች ላይ ነው። እስራኤል በበጋቸው ከእኛ ጋር እኩል ናት፣ በክረምታቸው አንድ ሰዓት ወደ ኋላ። ሳዑዲ ሁልጊዜ ከእኛ እኩል፣ ዱባይ ሁልጊዜ በአንድ ሰዓት ትቀድመናለች።

የእናቴ ቲኬት በጁላይ ነበር። ከአዲስ አበባ 22:30 ይነሳል፣ ደለስ በማግስቱ 08:00 ይደርሳል። 08:00 ላይ 7 ጨምሩ፤ አዲስ አበባ 15:00 ሆኗል ማለት ነው። ከ22:30 እስከ ማግስቱ 15:00 ያለው 16 ሰዓት ተኩል ነው። መመለሻው ከደለስ 11:00 ተነስቶ ቦሌ በማግስቱ 07:00 የሚገባ ነበር። ዝም ብሎ ለሚቀንስ 20 ሰዓት ይመስላል። 07:00 ላይ 7 ስትቀንሱ ዋሽንግተን እኩለ ሌሊት ነው፤ ከ11:00 እስከ እኩለ ሌሊት 13 ሰዓት። ከመድረሻው ሰዓት ጎን የመደመር ምልክትና 1 ካያችሁ በማግስቱ ይደርሳል ማለት ነው።

7. ወደ እኛ ሰዓትና ወደ እኛ ቀን አምጡት

እዚህ ላይ ቀስ በሉ። ሰው በረራ የሚያመልጠው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው።

ቲኬት በፈረንጅ ሰዓት ነው፤ ከ00:00 እስከ 23:59 ይቆጥራል። ከ07:00 እስከ 18:59 ያለውን 6 ቀንሱለት፤ 13:00 ከቀኑ 7 ሰዓት ነው። ከ19:00 በላይ ያለውን 18 ቀንሱ፤ 22:30 ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኩል ነው። ከ00:00 እስከ 06:59 ያለው ላይ 6 ደምሩ፤ 00:40 ከሌሊቱ 6 ሰዓት ከ40 ነው። 06:30 ደግሞ ከጧቱ 12 ሰዓት ተኩል ነው።

ቀኑ ግን ከሰዓቱ ይብሳል። በፈረንጆቹ ቀን የሚለወጠው እኩለ ሌሊት ላይ ነው። ለእኛ ቀን የሚለወጠው ሲነጋ ነው። ቲኬቱ «ማክሰኞ 00:40» ካለ እኛ የምንለው «ሰኞ ለማክሰኞ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ከ40» ነው። ስለዚህ ከቤት የምትወጡት ሰኞ ማታ ነው። ማክሰኞ ማታ ሻንጣ ጭናችሁ ብትሄዱ አውሮፕላኑ ከሄደ አንድ ሙሉ ቀን አልፎታል።

የእናቴ እህት ላይ ይኼ ደርሷል። አራስ ልጇን ልትጠይቅ ነበር የምትሄደው። ገንፎ የሚሆን እህሉ ተፈጭቶ፣ በርበሬው ተቋጥሮ፣ ዘመድ ሁሉ ተሰናብቶ ኤርፖርት ደረስን። መቀበያው ላይ ያለው ልጅ ቲኬቱን አየና «እማማ፣ የእርስዎ ትናንት ሌሊት ሄዷል» አላት። የእሷን ፊት አልረሳውም። ከዚያ ወዲህ ከ00:00 እስከ 06:00 የሚነሳ ቲኬት ሳይ በትልቅ ወረቀት በአማርኛ እጽፈዋለሁ፦ «ከቤት የምንወጣው ሰኞ ማታ 2 ሰዓት»። ወረቀቱን ቡፌው ላይ እለጥፈዋለሁ። ለዓለም አቀፍ በረራ ኤርፖርት ሦስት ሰዓት ቀደም ብሎ መድረስ ደንብ ነው፤ ያንንም እዚያው ወረቀት ላይ ቀንሱት።

8. ለመድኃኒትና ለተቀባይ ተጠቀሙበት

እናቴ መድኃኒቷን ማታ 2 ሰዓትና ጧት 2 ሰዓት ነበር የምትወስደው። የማታውን ኤርፖርት ውስጥ ወሰደች። አውሮፕላኑ 4 ሰዓት ተኩል ላይ ተነሳ። ቀጣዩ 12 ሰዓት የሚሞላው ከተነሳች ከ9 ሰዓት ተኩል በኋላ ነው፤ ደብሊንን ለቅቃ አንድ ሰዓት ያህል ስትበር። ሐኪሟን ጠየቅን፤ በመንገድ ላይ በዚሁ ቀጥላ እንደደረሰች ቀስ በቀስ ወደ እዚያ ሰዓት እንድታመጣው ነገራት። ስኳር ላለባቸው፣ በተለይ ኢንሱሊን ለሚወጉ፣ ሐኪም ሳይጠየቅ መሄድ የለበትም። መድኃኒቱ ደግሞ በእጅ ቦርሳ ይያዝ፤ ሻንጣ ውስጥ ከገባ መንገድ ላይ አይገኝም።

አንድ ቀላል ዘዴ አለ። የእጅ ሰዓታቸውን አትቀይሩባቸው። ስልክ ሲደርስ ራሱ ይለወጣል፤ የእጅ ሰዓት ግን የአዲስ አበባን እንደያዘ ይቆያል። «ሰዓትሽ 2 ሲል ዋጪ» ማለት ይበቃል፤ ሌላ ሂሳብ አያስፈልጋትም።

ለምትቀበሉ ደግሞ፦ ስልካችሁ ላይ ፍላይትራዳር 24 ጫኑና የበረራውን ቁጥር አስገቡ። አውሮፕላኑ የት እንደደረሰና መቼ እንደሚያርፍ ያሳያችኋል። ያረፈበት ሰዓት ግን ሰው የሚወጣበት አይደለም። የፓስፖርት ሰልፍ አለ፣ ሻንጣ መጠበቅ አለ። ሰልፉ ረጅም ከሆነ ከአንድ ሰዓት በላይ ሊወስድ ይችላል። ከ16 ሰዓት ተኩል በኋላ የምትወጣ እናት በሩ ላይ የምታውቀው ሰው ማጣት የለባትም፤ ስለዚህ ሲያርፍ እዚያው ሁኑ። እህቴ በስልክ እየተከታተለች ደለስ ላለው ወንድሜ «አሁን አረፈ» ብላ ስትደውል አዲስ አበባ ከቀኑ 9 ሰዓት ነበር። እናቴ በሩን ስትወጣ የእጅ ሰዓቷ 10 ሰዓት ከሩብ ይላል። ለወንድሜ መጀመሪያ ያሳየችው እሱን ነው።